ደብረ ሲና የሚባለው ድምፅ

ደብረ ሲና የወረድኩት ስልክ ለመደወል ነበር። በዚህ ዘመን አንዲት አሮጊት ለአንድ ጥሪ ብላ ከሞላሌ ተነስታ በሚኒባስ ተንገላታች ቢሉት የሩቅ አገር ሰው ላያምን ይችላል፤ የእኛ አገር ሰው ግን ያውቀዋል። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። እሱን እንኳ ለምደነው ነበር፤ እኔማ ድሮም አልተጠቀምኩበትም። ኋላ ግን ድምፁም ጠፋ፤ መደወልም ቀረ። ልጄ ሂሩት አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር «እማዬ፣ ምጥ ሲጀምረኝ ቀድሜ የምደውለው ላንቺ ነው» ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አያታለሁ፤ ምድጃው ላይ ኩበቱ ይጨሳል፤ እኔ እጠብቃለሁ። ከሳምንት በላይ እንዲህ ሆኜ ስቆይ ጎረቤቴ እንዲህ ከምትመነምን ብላ ነው መሰለኝ ደብረ ሲና ይሠራል፣ ሰው ሁሉ እየወረደ ነው የሚደውለው አለችኝ። በነጋታው ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለዚሁ ነበር። ሾፌሩ ናፍጣ ጠፍቶ በጀሪካን ከሰው እጅ እንደሚገዛ፣ ለዚህም ታሪፉ እንደጨመረ አስረዳን። ከጎኑ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ከተማ በቻርጅ የሚሄድ መኪና ሞልቷል፣ አንተም እሱን ግዛ አለው። ሾፌሩ መብራቱን ማን ሰጥቶኝ ነው በቻርጅ የምነዳው፣ መዘዞ ላይ ባትሪው ቢያልቅ በበሬ ላስጎትተው ነው ወይ ብሎ መለሰለት፤ ተሳቀ። አንድ የበግ ነጋዴ ኢንተርኔት መዘጋቱ ደግ ሆነ ባይ ነው፤ ልጆቹ ቀና ብለው ሰው ማየት ጀመሩ፣ ወሬ ማጋጋሉም ቀነሰ አለ። ኋላ የተቀመጠች አስተማሪ ደግሞ ተማሪዎቿ ለፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ፣ ደመወዟንም ከባንክ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ነገረችው። አንዱ ሌላውን አላሳመነም። እኔን «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲሉኝ፣ እኔ የልጄን ድምፅ ነው የምፈልገው፣ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ አልኳቸው።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንደ ልማዱ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ሞቅ አለ። ከፊቴ ያለችው ሴት ለመንገድ የያዘችውን ብርቱካን መላጥ ጀመረች፤ የልጣጩ ሽታ መኪናውን ሞላው። እኔ ያን ጊዜ ሂሩትንም ምጧንም ለጥቂት ረሳሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ልጅ ሳለሁ፣ ማለቴ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላኝ፣ የሞላሌ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ የቆመ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ዛሬ ሞባይል የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል፣ በሩን ሮዝ ቀለም ቀብተውታል። በዚያ ዘመን በወረዳው ሁሉ ያለው ስልክ በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ለመደወል ወደ እኔ ይመጣል። በርኖሱን የለበሰ ባላገር፣ የበግ ጠጉር ባናውን የተከናነበ ሽማግሌ፣ ከበግ ገበያ የመጣ ነጋዴ፣ ሁሉም አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። እኔ የማዞሪያውን እጀታ በእጄ አሽከረክራለሁ፣ ገመዱን ከቀዳዳው እሰካለሁ፣ ደብረ ሲናን እጠራለሁ፤ ደብረ ሲና ደግሞ ወደ አዲስ አበባም ወደ ደሴም ይሰጠኛል። ከእኛ ወደ ውጪ ሌላ መውጫ የለም፤ የሞላሌ ሰው ድምፅ ሁሉ በደብረ ሲና በኩል ነበር የሚያልፈው። ባላገሩ መነጋገሪያውን ሲይዝ ይጮሃል። አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነ ድምፁን ካላነሳ የማይደርስ ይመስለዋል። አንድ ሽማግሌ ስልኩ ውስጥ ላለው ልጃቸው ቆባቸውን አውልቀው እጅ የነሱትን እስካሁን አልረሳሁም።

ሽቦው በእንጨት ላይ እንደተንጠለጠለ ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል። ንፋስ ሲነፍስ ያፏጫል፤ ክረምት ሲገባ ይበጠሳል። ስለዚህ በየማለዳው ሥራ ከመጀመራችን በፊት መስመሩን እንሞክራለን። እኔ «ደብረ ሲና፣ ደብረ ሲና፣ ሞላሌ ነኝ» እላለሁ። ከወዲያ አንድ የወንድ ድምፅ «ሞላሌ፣ ደህና አደሩ?» ይላል። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ ቃሉን ሲጨርስ ትንሽ ጎተት የሚያደርግ ድምፅ ነበር። በስም መጠራራት በሥራ ላይ ክልክል ስለነበር እኔ ለእሱ ሞላሌ ነበርኩ፣ እሱ ለእኔ ደብረ ሲና ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲሁ ኖርን። መጀመሪያ ስለ መስመሩ ብቻ ነበር የምናወራው። ከዚያ ስለ አየሩ ሆነ። እኔ ውርጩ ገብሱን እንደመታው እነግረዋለሁ፣ እሱ ቆላው ሮቢት ላይ ማንጎው መብሰሉን ይነግረኛል። «እርስዎ» መባባሉ መቼ ወደ «አንቺ» እና «አንተ» እንደተለወጠ አላስታውስም።

ራዲዮ አልነበረኝም። እሱ ግን በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ ነበረችው። ምሳ ሰዓት ላይ መስመሩ ሰው ሳይኖርበት ሲቀር፣ የዘፈን ምርጫ ሲጀምር፣ መነጋገሪያውን ራዲዮዋ አጠገብ ያስቀምጥልኛል። ዘፈኑ እየተንኮሻኮሸ፣ እየሰጠመ እየወጣ ይደርሰኛል። ዛሬ በየባጃጁ ዘፈን ይጮሃል፣ አንዱን ሳልለምደው ሌላው ይመጣል። ያን ጊዜ አንዲቷን ዘፈን ስሰማ፣ ከዘፈኑ ይልቅ ከዘፈኑ ወዲያ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ማወቄ ነበር ደስ የሚለኝ።

ሰኢድ መባሉን ያወቅሁት በጾም ነው። አንድ ቀን ሻይህን ጠጣህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ረመዳን መሆኑን፣ ስሙም ሰኢድ መሆኑን ነገረኝ። ሽቦው ብቻ ያፏጭ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። የእሱም ቤተሰቦች የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ የአጎቱን ልጅ አጭተውለታል። በነጋታው ማለዳ ግን «ሞላሌ፣ ደህና አደርሽ?» አለኝ፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት፤ ነገሩን ሁለታችንም ሳናነሳው ቀጠልን።

አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ገበያ ቀን ነው፤ ያቺ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ የምትወጣዋ አውቶቡስ ሊጥ በመሰለ ጭቃ ተለውሳ ደረሰች። እንደሚመጣ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ለዚያ ቀን ሰማያዊ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር፤ ኮንጎ ጫማዬን በሳሙና አጥቤዋለሁ። ካኪ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ብርዱ የሚያንቀጠቅጠው ወጣት ዘንቢል ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ሞላሌ?» አለ። ድምፁ የማውቀው ነው፣ ፊቱ ግን የማላውቀው ሰው ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣኝም። እሱም እንደኔው ሆነ። አግዳሚው ላይ ከባለጉዳዮቹ ጋር ተቀመጠ፣ ዘንቢሉን ጉልበቱ መሃል አደረገ። ሰው ይመጣል፣ አገናኛለሁ፣ ይሄዳል፤ እሱ ያየኛል፣ እኔ ማዞሪያውን አያለሁ። ምሳ ልጋብዘው አልቻልኩም፤ ሥጋችን ለእሱ አይሆንም፣ ደግሞስ ሰው ምን ይለኛል። ሻይ ቤት ሄዶ ዳቦ በሻይ በልቶ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሷ ጥሩንባዋን ስታሰማ ተነሳ፣ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ አለ። እኔም ደህና ግባ አልኩት። ዘንቢሉ ሙሉ ብርቱካን ነበር። ቤቱ ለብዙ ቀን ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ።

በነጋታው መስመሩን ስንሞክር «ምነው ትናንት ዝም አልሽ?» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ስለ ትናንቱ ብዙ አወራን፤ ቀሚሴ ቆንጆ መሆኑን፣ ብርዱ አጥንቱን ሰብሮ እንደገባ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ትንባሆ ሲያሸቱ እንዳስነጠሱት። ፊት ለፊት ያጣነውን አንደበት በሽቦው ላይ አገኘነው። ይሁን እንጂ ሁለታችንም ሌላ ቀን ልምጣ፣ ሌላ ቀን ና አልተባባልንም።

ዓመቱ ሳይዞር መምህር ጌታነህን አገባሁ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ በእሳቸው የማማርረው የለኝም። ከሠርጉ በፊት የአዲስ አበባ ዘመዶች ሲደውሉ ያገናኛቸው የነበረው ሰኢድ ነው። መጨረሻ ላይ እኔን ጠራኝና እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ብቻ ሆነ። እሱም አገባ። ኋላ አዲሱ ማሽን መጣና ኦፕሬተር አላስፈለገም፤ ሰው በራሱ ጣት መደወል ጀመረ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ መደሰትም ይገባዋል፣ ተራ መጠበቅ ቀርቶለታል። እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያ ድምፅ ከጆሮዬ የጠፋው በዚያ ሰሞን ነው። እሱ ደብረ ሲና ነበር፣ እኔ ሞላሌ፣ መንገዱ የግማሽ ቀን ነው፤ ግን የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም።

ደብረ ሲና እንደደረስኩ ከመናኸሪያው ጥግ ቆሜ ደወልኩ። ስልኩ ጮኸ። ያነሳው አማቼ ነው። ሂሩት ከተገላገለች ቀናት አልፈዋል፤ ሴት ልጅ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሂሩት ስልኩን ተቀብላው አለቀሰች። እደውላለሁ እደውላለሁ፣ አይገባም፣ ሞተሽ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ አለችኝ። እኔ ስላንቺ ስጨነቅ አንቺ ስለ እኔ ትጨነቂ ኖሯል አልኳት። ሕፃኗን ወደ ስልኩ አስጠጋችልኝ፤ ተኝታ ስለነበር ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ። እስኪበቃኝ አዳመጥኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የቆሎ ሻጮቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ገና ጊዜ ነበረኝ። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ቆሎ የምትሸጠውን ሴት፣ ድሮ ስልክ ቤት ይሠራ የነበረ ሰኢድ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አፌ ቀደመኝ። እሷም ጋሽ ሰኢድን የማያውቅ የለም አለችና ከመስጊዱ በታች ያለ የሶላርና የባትሪ ሱቅ አሳየችኝ።

ሱቁ የልጁ ነው፤ አሕመድ ይባላል፤ ጢሙ ሽበት የጀማመረው ትሁት ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ጥቂት ካሰበ በኋላ «የሞላሌዋ?» አለኝ። ስለ እኔ ሰምቶ እንደነበር ከፊቱ አወቅሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አባቴ ጆሮው ከጠፋ ቆይቷል እናቴ፣ ምንም አይሰማም፤ ቢጮሁለትም አይሰማዎትም አለኝ። ወደ ጓሮ አሻገረኝ። ሰኢድ ግድግዳውን ተደግፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ፊቱ ተሸብሽቧል። ቀና ብሎ አየኝ። እንግዳ ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ፤ እውነቱን ነው፤ ፊቴን ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔ «ሰኢድ» አልኩት። አልሰማም። እሱ የሚያውቀው ድምፄን ነበር፤ ድምፄ ደግሞ አይደርሰውም። አሕመድ በሞባይሉ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎ አሳየው። አነበበው። እንደገና አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

ራሱን ስለማይሰማ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ድምፁ ግን ያው ነው። ዓይኔን ብጨፍን ማዞሪያው ፊት የተቀመጥኩ ነበር የሚመስለኝ። ተቀመጪ አለኝ። ሚስቱ መሞቷን ነገረኝ። ጆሮው እንዴት ትንሽ በትንሽ እንደጠፋ፣ መጀመሪያ የወፍ፣ ከዚያ የሴትና የልጅ ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ አዛኑ እንደቀረበት ነገረኝ። ቤቱ ሰው የሞላበት ነው፤ የልጅ ልጆቹ ይገባሉ ይወጣሉ፣ እሱ ግን አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ መሃላቸው ብቻውን ነው የሚውለው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«ያንቺን ድምፅ አልረሳሁትም። ጆሮዬ ከመጥፋቱ በፊት የያዝኩትን ሁሉ ይዤዋለሁ። አሁን አርጅቶ ይሆናል፤ እኔ ግን ሲያረጅ አልሰማሁትም።»

እሱ እንደማይሰማኝ ሳውቅ ነው መሰለኝ አንደበቴ ተፈታ። «ያን ቀን አትሂድ ልልህ ፈልጌ ነበር» አልኩት። በሕይወቴ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። አሕመድ መሬት መሬት አየ። ሰኢድ ከንፈሬ መንቀሳቀሱን አይቶ ወደ ልጁ ዞረና ምን አለች ብሎ ጠየቀው። አሕመድ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እሱም ትንሽ አመነታና ለአባቱ ጽፎ አሳየው። ምን እንደጻፈ አላየሁም። ሰኢድ አንብቦ፣ እንግዲያ መኪና እንዳያመልጥሽ አለኝና እጄን ለቀቀ።

ወደ መናኸሪያው አሕመድ ሸኘኝ። የጓሮው በር እስኪዘጋ የአባቱ ድምፅ ይከተለን ነበር፤ አሁንም ያወራል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፣ እኛ ሥራ ላይ ነን፣ የሚያዳምጠው የለም አለኝ አሕመድ። እኔን ደግሞ የሚያናግረኝ የለም አልኩት። የስልክ ቁጥሬን ወሰደ።

ኔትወርኩ ከጊዜ በኋላ ተመለሰ። ሞላሌ ያን ቀን ሠርግ ቤት መስላ ዋለች፤ በየበሩ ሰው «ሀሎ» ይላል። ኢንተርኔቱ አልተከፈተም፤ ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ፣ የበግ ነጋዴው ደግ ነው ይላል። እኔ ድምፁን አትንኩብን እንጂ በሌላው ተከራከሩበት እላለሁ። ሂሩት በየጊዜው ትደውላለች፤ ሥራ አላት፣ ልጅ አላት፣ ቶሎ ቶሎ ብላ ትዘጋለች። አልፈርድባትም። እሁድ እሁድ ደግሞ አሕመድ ይደውልና ስልኩን ለአባቱ ይሰጠዋል። ሰኢድ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። መስመሩ ላይ መኖሬንም አለመኖሬንም ሳያውቅ ያወራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለሞቱት ሰዎች። ሲበቃው፣ በቃሽ ዛሬ ይለኝና ስልኩን ይመልሳል። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ እሺ፣ ውይ፣ እንዴ እያልኩ እመልሳለሁ። ሰው ቢያየኝ ጉድ ይላል።

ባለፈው እሁድ ስለ አንድ የቆየ ጎርፍ እያወራልኝ ነበር። ወንዙ ሞልቶ የስልክ እንጨቶቹን ይዞ ሄደ፣ መስመሩን ሊጠግኑ ከመጡት ሠራተኞች ጋር ወጣሁ፣ ማዶ ላይ የሆነ ሰው ቆሞ አየሁና አለኝ። እዚያ ላይ መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ ስልኩ ጭጭ አለ። ማዶ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አልሰማሁም። መልሼ ብደውል አይገባም። አሕመድ እሁድ ሱቁ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ስልኩን ሰጥቶት ወደ ደንበኞቹ ይመለሳል። ሰኢድ መስመሩ መቆረጡን በምን ያውቃል? እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ በጨለመው ቤት ተቀመጥኩ። እሱ እዚያ ታች፣ ወንበሩ ላይ፣ የጎርፉን ታሪክ እየነገረኝ ነው።